በእግር መሄድ ነውር የሆነበት ሰፈር

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የግቢያችን ክሊኒክ ነርስ ጣቴን ወግታ ስኳሬን ለካችና ፊቷን ቋጠረች። «ገና በሽታ አልሆነም፤ ክብደት ካልቀነስሽ ግን አይቀርልሽም» አለችኝ። ለስላሳ ተዪ፣ ቁርስ አትዝለዪ፣ እንጀራ ቀንሺ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግርሽ ሂጂ። ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ወጣሁ። የምኖረው ቡራዩ መሆኑን ረስቼው ነው።

ለእናቴ አልነገርኳትም። አባቴን የነጠቀን ስኳር ነው፤ ቤታችን ውስጥ የበሽታውን ስም የሚያነሳ የለም።

ከትምህርት ስመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ከታክሲ እየወረድኩ በእግሬ መግባት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ እንኳ ሳልሄድ አንድ ፒክአፕ አጠገቤ ቆመ። ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው።

«አካም ጅርታ! ምነው በእግርሽ?»

«መሄድ ፈልጌ ነው፣ ኦቦ።»

«በዚህ ፀሐይ ተፈልጎ ይኬዳል እንዴ? ግቢ እንጂ ልጄ!»

ሽማግሌ በር ከፍቶ እየጠበቀ እንዴት እምቢ ይባላል? ገባሁ። በማግስቱም ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ተናድጄ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ዞርኩ፤ እዚያ ደግሞ የእናቴ ዕድርተኛ ባጃጅ አስቁመው «እሷን ጥዬማ አልሄድም» ብለው ድርቅ አሉ። ሳምንት ሳይሞላ እናቴ ዘንድ ወሬው ደረሰ። «ልጇ የታክሲ አጥታ በእግሯ ትኳትናለች እያሉኝ ነው። ምን አድርጌሽ ነው የምታዋርጂኝ?»

ማዕድ ላይ ደግሞ ሌላ ትግል ነበር። ግማሽ እንጀራ በልቼ እጄን ስሰበስብ የተውኩትን በጉርሻ ትመልስልኛለች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን፣ «በሞቴ» ብላ ሦስተኛውን። ነርሷ ስለ ለስላሳ መከረችኝ እንጂ «በሞቴ» ሲባል ምን እንደሚደረግ አልነገረችኝም። እንዲያም ሆኖ፣ እየተደበቅኩም እየተሟገትኩም፣ በሁለት ወር ሱሪዬ ወገቡ ላይ ሰፋኝ። ድሮ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ይሉኝ የነበሩት ሴቶች አሁን ከንፈር እየመጠጡ ያልፉኝ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ሦስተኛው ጉርሻ ሲመጣ ትዕግሥቴ አለቀ። እጇን ገፋሁት፤ ጉርሻው መሬት ወደቀ።

«ተይኝ እማዬ! ልትገድዪኝ ነው እንዴ?»

አልተቆጣችም። ዓይኗ ሱሪዬ ወገብ ላይ ነበር። «አባትሽም እንዲህ ነው የጀመረው» አለች። «መጀመሪያ ቀበቶው ሰፋው። ሰው ከሳ ሲለኝ ምግብ እጨምርለት ነበር። እኔ ምን አውቄ።»

ሁለት ወር ሙሉ በንዴት ስቃጠል እሷ በፍርሃት እያለቀች እንደነበር ያኔ ገባኝ። አፈርኩ። ነርሷ ያለችኝን ሁሉ፣ ያንን የማንጠራውን ስም ጨምሬ፣ ነገርኳት። የወደቀውን ጉርሻ አነሳች፤ ትሪውንም ይዛ ገባች።

ሰኞ ከታክሲ ስወርድ እናቴ በሸራ ጫማ ፌርማታው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጉልበቷን ያማታል፤ እየተጎተተች ስትሄድ እኔም እያዘገምኩ፣ በዚህ አካሄድ መቼ ልንደርስ ነው እያልኩ በሆዴ ስነጫነጭ፣ የታወቀው ፒክአፕ መጥቶ ቆመ።

«ምነው እናትና ልጅ? ግቡ እንጂ!»

«ይሂዱልን፣ ኦቦ» አለች እናቴ። «ባሌን ሐኪም በእግርህ ሂድ ቢለው ሰው ምን ይለናል ብዬ ከለከልኩት። እሷን አልከለክልም።»

ኦቦ ግን ጥለውን አልሄዱም፤ እስከ በራችን ድረስ ከጎናችን ቀስ እያሉ እየነዱ ሸኙን። እናቴ አንዴም ዞር ብላ አላየቻቸውም።