በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ወታደር
ወታደሩ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ቆቡን አጥፎ ጉልበቱ ላይ ያኖራል፤ ጆሮው ወደ ሰባኪው፣ ዓይኑ ወደ በሩ ነው። ምእመኑ ሁሉ ለጸሎት ዓይኑን ሲጨፍን እሱ አይጨፍንም። ይህን ያወቁት አሮጊቷ በር ጠባቂ ናቸው፤ ሥራቸው ሆኖ እሳቸውም አይጨፍኑም።

አንድ እሑድ አላስችል ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ስትጸልይ ዓይንህን አትጨፍንም እንዴ?» አሉት።

«አመል ሆኖብኝ ነው፣ እማማ። እግዜር ያውቀኛል።»

በተዛወረበት ሁሉ ጓዙን ሳይፈታ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያፈላልግ ያን ዕለት አጫወታቸው።

ዛሬ ሊሰናበታቸው መጣ። አዲሱ ምድቡ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ምድረ በዳ ነው።

«ታዲያ ምን ይውጥሃል?»

«አንድ አማኝ ጓደኛ አብሮኝ ይሄዳል። እሱ ሲጸልይ እኔ እጠብቃለሁ፣ እኔ ስጸልይ እሱ ይጠብቃል» አለና ቆቡን አጠለቀ። «ያኔ እጨፍናለሁ።»