ቀን የሚያርፈው ፍሪጅ

ሆሳዕና የተከራየሁት ክፍል ከአከራዬ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ቆጣሪውም የጋራ ነው። አከራዬ አስተማሪ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። ግቢው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው።

እትዬ መብራት ማባከን አይወዱም። ባቄላ የሚቀቅሉ ከሆነ ማታውኑ ይዘፈዝፉታል። ውሃ አንዴ አፍልተው በፔርሙዝ ይዘው ይውላሉ። ልብስ የሚተኩሱት ቅዳሜ ብቻ ነው። ካውያው ከጋለ አይቀር የሳምንቱን ልብስ ሁሉ ይጨርሱበታል፤ ከነቀሉት በኋላም በቀረው ሙቀት መሀረብ ይተኩሱበታል። ከጃጁራ በኩል ካለው መንደራችን እንደመጣሁ ሰሞን አምፖል ሳላጠፋ ከወጣሁ ከበረንዳቸው ይጣሩ ነበር።

"አንቺ ልጅ! አባትሽ መብራት የሚያመነጭ ወንዝ አውርሶሻል እንዴ?"

ግቢው ይስቃል። እኔ በሀፍረት ፊቴ እየተቃጠለ ሮጬ አጠፋለሁ። ክፋት ግን አልነበራቸውም። ያስተማሩኝንም ወድጄዋለሁ። የምሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እቀመቅማለሁ። ቤት ይዤው የመጣሁትን ሥራ አሁን በር ከፍቼ በቀን ብርሃን እጨርሳለሁ። ወጡ ከወረደ በኋላም ምድጃው ሳይበርድ የእግር ውሃ እጥድበታለሁ።

ኋላ እናቴ ስኳር ታመመችና እኔ ጋ መጣች። ኢንሱሊን ታዘዘላት፤ መንደር ውስጥ ደግሞ የሚወጋት የለም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ቢሆንም በመርፌው ላይ ያሉትን መስመሮች ለመቁጠር ይበቃኛል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አወጋጉን አሳየችኝ። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ አለችኝ።

እኛ ፍሪጅ የለንም። ብልቃጡን ይዤ እትዬ በር ላይ ቆምኩ፣ ማንኳኳት አቃተኝና ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ። በመስኮት አዩኝ መሰለኝ ራሳቸው ከፈቱ።

"ምንድን ነው እንደ ዘበኛ የሚያመላልስሽ?"

"የእማዬ መድኃኒት ነው... ቀዝቃዛ ቦታ..."

"ታዲያ ፍሪጅ እያለ ምን ያሽኮረምምሻል? አምጪው!"

በረዶ ከሚሠራበት ሳጥን ሥር የነበረውን ሥጋቸውን አንስተው ብልቃጡን እዚያ አኖሩት። "ዋናው ቅዝቃዜ እዚህ ነው። ለእናትሽ ለቀቅኩላት" አሉኝ።

ፍሪጁን የሚይዙበት የራሳቸው መላ ነበራቸው። ጠዋት ሶኬቱን ይነቅሉታል። ማታ ሲሰኩት ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ያዞሩታል። "ፍሪጅም እንደ በሬ ነው፣ ሁልጊዜ ከጠመድሽው ይወድቃል። ሌሊት ቅዝቃዜውን ይጠግባል፣ ቀን በጠገበው ይውላል።" እውነት መሰለኝ። እንዲያውም በልቤ አደነቅኳቸው።

ጠዋት ጠዋት ብልቃጡን ልወስድ ስሄድ ውስጡ ያለው በረዶ ሆኖ ይጠብቀኛል። እትዬ በሁለት መዳፋቸው መሀል ይዘው ያሹታል፣ ካልሆነም የፔርሙዝ ውሃ አብርደው ይነክሩታል። "ይኸው፣ ቀለጠ!" እኔም ደስ ይለኛል። ቀዝቃዛ ነው የተባልኩት፣ ከዚህ የበለጠ ቅዝቃዜ ከየት ይመጣል? የእናቴን ክንድ እጠርግና እወጋታለሁ።

እናቴ ግን እየባሰባት ሄደ። የውሃ ጆግ ከአጠገቧ አይጠፋም። ሽንት ቤት ስትመላለስ ትውላለች። ጉንጯ ጎደለ። ምግቡ ነው ብዬ ቆጮ ቀነስኩባት።

"መርፌው አልበቃሽ ብሎ በረሃብ ልትጨርሺኝ ነው?" ትለኛለች በሀድይኛ፣ እየሳቀች።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ እያየችኝ "ማን ናት?" አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀችም። ድምፄን ስትሰማ ነው ያወቀችኝ። በማግስቱ ይዣት ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ነርሷ ስኳሯን ለካችና ወደ እኔ ዞረች። "መድኃኒቱን የት ነው የምታስቀምጪው?"

"ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ሲስተር።"

"ፍሪጁ ውስጥ የት ጋ?"

"ከበረዶው ሥር።"

"በረዶ ሆኖ ያውቃል?"

"አዎ፣ ሁልጊዜ ጠዋት በረዶ ነው" አልኩ። ጎበዝ የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "የእኔ እህት፣ ይሄ መድኃኒት አንዴ በረዶ ከሆነ አለቀለት። ቢቀልጥም አይሠራም። ውሃ እንደ መውጋት ነው።" ሌላ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን፣ ፍሪጅ ከሌለም በእርጥብ አሸዋ የተከበበ እንስራ ውስጥ በጥላ ይቀመጥ፣ የሆሳዕና ብርድ ያግዝሻል አለችኝ። ስለ ዓይኗ ስጠይቃት "እናያለን" ብቻ አለች።

እናቴ አማርኛ ብዙም አትሰማም። መንገድ ላይ ነርሷ ምን እንዳለችን ጠየቀችኝና ነገርኳት። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። "ለሴትዮዋ እንዳትነግሪ። ሥጋቸውን አንስተው ነው ቦታ የሰጡኝ።"

ሳልነግራቸው ግን ቦታውን እንዴት ላስቀይራቸው? እትዬ በራቸው ላይ ሆነው ስንገባ አዩን። እናቴ ወደ ክፍላችን ገባች። እርሳቸው አዲሱን ብልቃጥ ለመቀበል እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ። እኔ አልለቅ አልኩ።

"ምነው?"

"ሲስተሯ... በረዶ መሆን የለበትም አለች።"

"ለምን?"

"ይበላሻል።"

ጥቂት አሰቡ። "ታዲያ እስካሁን ስትወጊያት የነበረው?"

መሬት መሬት አየሁ። መልሱን ከዚያው አገኙት። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

"እኔ ነኛ!"

"አይ፣ እትዬ..." አልኩ። ታች መደርደሪያው ላይ ይሁንልን፣ ማዞሪያውን ብቻ ይቀንሱልን ልል ነበር። ሳልጨርስ እርሳቸው ቀደሙኝ።

"ውሰጂው፣ ልጄ። ከእንግዲህ የሰው ነፍስ በእጄ አልይዝም።"

በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቁጣ ይበርዳል።

አሁን ብልቃጡ አልጋ ሥር ባለ እንስራ ውስጥ ነው። ቤት ከሚሠራበት ቦታ አሸዋ ለምኜ ዙሪያውን ሞልቼዋለሁ፤ ጠዋትና ማታ ውሃ አርከፈክፋለሁ። የእናቴ ጥም ቀንሷል። ዓይኗ ግን እንዳለ ነው። እኩለ ቀን ላይ የስፌት ቤቱ ቆርቆሮ በፀሐይ መንጣጣት ሲጀምር የያዝኩት ቁልፍ ከእጄ ይወድቃል። ሄጄ አሸዋውን መንካት አልችል፣ እናቴም ደርቆ እንደሆነ አይታ አትነግረኝ።

እትዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ፍሪጁን ነቅለውት አያውቁም። ቀንም ሌሊትም ሲያጉረመርም በግድግዳው በኩል ይሰማናል።

"ምን አስቀምጠውበት ነው እንዲህ የሚሠራው?" አለችኝ እናቴ።

"እንጃ" አልኳት። ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። በሩ ገርበብ ሲል ሥጋውም ቅቤውም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አይቻለሁ።

ያን ያህል ቆጥበው የኖሩ ሴት ለባዶ ፍሪጅ ሲከፍሉ መስማት አላስችል አለኝ። ትናንት እንደምንም ብዬ አንኳኳሁ። እትዬ፣ ይንቀሉት፣ እኛ ደህና ነን፤ ይህን ብዬ ልመለስ ነበር። ቃሉን ይዤው ነው የሄድኩት።

ከፈቱና አፌን ሳልከፍት "እንዴት አደረች?" አሉኝ።

"ደህና ናት።"

"ዓይኗስ?"

የበሩን ጠርዝ በጣቴ ፋቅ ፋቅ አደረግኩ። ወደ ፍሪጁ ዞር ብለው አዩና ወደ እኔ ተመለሱ። "እንግዲያውስ ይሥራ" አሉ። "ምናልባት ያስፈልጋት ይሆናል።"

"እሺ፣ እትዬ" ብዬ ተመለስኩ።