ኢላሪያ በገመድ መኪና የተሳፈረችበት ማክሰኞ

ኢላሪያ ቾኬ አሥር ዓመት ሙሉ በገመድ መኪና አልሳፈርም ብላ እምቢ ያለች ሴት ናት። ገመዱ በገበያችን አናት ላይ ነው የሚያልፈው። ቀያዮቹ ሳጥኖች ከጠዋት እስከ ማታ ይንሸራተታሉ፤ ቀና ብሎ የሚያያቸው ሰው እንኳ ከመካከላችን ጠፍቷል። እሷ ግን ከከተማችን ከኤል አልቶ ገደሉ ሥር ወዳለችው ወደ ላ ፓስ መውረድ ሲኖርባት ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቃ፣ ባርኔጣዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንድ ሰዓት ትንገላታለች።

"ምን ሆነሽ ነው?" ሲሏት፣ "የሰው ጣሪያ ላይ ምን ሥራ አለኝ? ሰው እኮ የውስጥ ልብሱን የሚያሰጣው ጣሪያው ላይ ነው። የማንንም ገመና ከላይ ሆኜ ማየት አልፈልግም" ትላለች። ፈርታ ነው እንላለን። እኔም ስንት ጊዜ አሹፌባታለሁ።

ቦታዋ ከእኔ ቦታ ቀጥሎ ነበር። እኔ ድስት እሸጣለሁ፤ እሷ ቹንዮ ትሸጣለች፣ ያን በሰኔ ውርጭ አድርቀን በእግራችን የምንረግጠውን ድንች። ከሐይቁ ዳር ከሚገኘው መንደሯ አንድ ጆንያ ተሸክማ ስትመጣ መንገዱ ጭቃ ነበር። ሐሙስና እሑድ፣ ሐሙስና እሑድ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያች ሁለት ሜትር ላይ ተቀመጠች። ባሏን ዶሚያኖን የቀበረችው ረቡዕ ቀን ነው፤ በማግስቱ ሐሙስ ጥቁር ለብሳ መጣች። "ቤት ብቀመጥ ማን ያናግረኛል?" አለችኝ። ልጅ አልወለደችም። ያቺ ሁለት ሜትር እንጀራዋም፣ ወሬዋም፣ ቤተ ዘመዷም ነበረች።

የኛ ገበያ ሕግ አጭር ነው፤ ቦታ የቆመበት ሰው ነው። መንገዱ አዲስ አስፋልት ሲለብስ የድሮው ቀለም ይጠፋል፤ ያኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ዶን ፕላሲዶ ቀለምና ብሩሽ ይዞ እንደገና ይለካል። ባለቦታዋ በሁለት እግሯ ቦታዋ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ስሟ ሦስት ጊዜ ይጠራል። ከሌለች የለችም። ለልጇ ወይም ለክርስትና ልጇ አውርሳ ከሆነ ግን ልጅቷ ትቆማለች፤ ጎረቤቷ "አዎ፣ ሰጥታታለች" ብላ ትመሰክራለች፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ያልቃል። ወረቀት የሚባል ነገር የለም፤ የጎረቤት አፍ ነው ወረቀቱ።

የኢላሪያ ክርስትና ልጅ ኖኤሚ ትባላለች፤ የባሲሊያ ልጅ ናት። ባሲሊያ ከገበያው ጀርባ ባለ ብዙ እጥፍ ቀሚሳችንን የምትሰፋ ሴት ናት። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሞላት በወጋችን መሠረት የመጀመሪያዋን የፀጉር ጉንጉን የቆረጠችላት ኢላሪያ ናት፤ በራሷ እጅ የሸመነችውን አረንጓዴና ብርቱካንማ ማዘያም ያን ዕለት አለበሰቻት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች አበልጅ ሆኑ። አበልጅ ደግሞ በስም አይጠራራም። አበልጅ ከእኅት ይበልጣል፤ እኅት እግዜር የሰጠሽ ናት፣ አበልጅ ግን የመረጥሻት ናት።

ኢላሪያ ያላት ያ ቁልፍ ያለው አሮጌ ስልክ ነው። ማኅበሩ መልእክት ሲልክ የሚደርሰው ለባሲሊያ ስልክ ነበር፤ ኢላሪያ ራሷ "የሷን ቁጥር መዝግቡ፣ እሷ ትነግረኛለች" ብላ አስመዘገበችው። ስድስት ዓመት ነገረቻት፤ አንድም ጊዜ አላሳሳተቻትም።

ዘንድሮ አስፋልቱ አለቀ። መልእክቱ ከእሑድ ገበያ በኋላ መጣ፤ ልኬቱ ማክሰኞ ከሰዓት ነው ይላል። ባሲሊያ ለኢላሪያ የነገረቻት ሐሙስ ነው ብላ ነው። ቀጥላም፣ "ማክሰኞ ሥራ የለሽም። ስድሳ ሦስት ዓመት ሞልቶሽ አገርሽን ከሰማይ ሆነሽ አላየሽም። እኔ ነኝ የምጋብዝሽ፤ እምቢ ካልሽ እቀየምሻለሁ" አለቻት።

አበልጅ ልጋብዝሽ ስትል እምቢ አይባልም። ኢላሪያ ጥሩ ቀሚሷን ለበሰች፣ ባርኔጣዋን ቦረሸች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከሷው አፍ ነው የሰማሁት።

በሩ ሲዘጋ ዐይኗን ጨፈነች። ሳጥኑ ከጣቢያው ወጥቶ ገደሉ ላይ ሲንሳፈፍ የባሲሊያን እጅ ያዘች።

"አየሽ አበልጄ፣ አልወደቅንም" አለቻት ባሲሊያ።

"ቆይ እንጂ፣ ገና መሬት መች ረገጥን?"

ዐይኗን ስትገልጥ ግን ፈገግ አለች። ከተማው በሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ፈሰሰ ጡብ ተዘርግቷል፤ ማዶ የኢሊማኒ ተራራ በረዶውን ለብሶ ቆሟል። ጣሪያ ላይ ውሻ ነበር፣ የተሰጣ ልብስ ነበር፣ ፀሐይ እየሞቀች ድንች የምትልጥ ሴት ነበረች። ኢላሪያ የሰው ገመና አላይም ያለችውን ረስታ፣ "እይ፣ እይ፣ ያቺን እይ፣ እግሯን ዘፍዝፋ!" እያለች ሳቀች። ቢጫውን መስመር ተሳፍረው፣ ከዚያ አረንጓዴውን ይዘው፣ ሀብታሞቹ እስከሚኖሩበት እስከ ታችኛው ሰፈር ወረዱ። አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የቀረፋ በረዶ ላሱ። ስለ ኖኤሚ አወሩ። "ልጅቷ ሥራ አጥታ ቤት መዋሏ አንጀቴን ይበላኛል" አለች ኢላሪያ፤ ይህንን ያለችው ራሷ ናት። ባሲሊያ ሰዓቷን አየች።

"ዶሚያኖ በነበረ ጊዜ እንኳ እንዲህ ተዝናንቼ አላውቅም" አለችኝ በኋላ። የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ቀኑ ጥሩ ነበር። ሰው ሊያርድሽ ሲወስድሽ እንኳ ጥሩ ቀን ያሳልፍሻል።

ሲመለሱ ባሲሊያ በመጡበት እንሂድ አለች። ኢላሪያ ግን በቀዩ መስመር መመለስ አማራት፤ ቀዩ በመቃብር ስፍራው ላይ ያልፋል፤ ዶሚያኖ ያለው እዚያ ነው።

"ከላይ ሆኜ ሰላም ልበለው።"

"ሌላ ቀን አበልጄ፣ ይመሽብናል።"

"ዛሬ ያንቺ ቀን ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

ባሲሊያ እንደገና ሰዓቷን አየች። ልኬቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚያልቅ አስባ ይሆናል፤ ለዚያ ደግሞ ሩብ ሰዓት ብቻ ነበር የቀረው። እሺ አለች። ዶን ፕላሲዶ ግን መስመር ሲቀባ ሥዕል የሚስል ነው የሚመስለው፤ ገና የረድፉ ወገብ ላይ ነበርን።

ከሁለት ነርሶች ጋር ተሳፈሩ። መቃብሩ ላይ ሲደርሱ ኢላሪያ አማተበች፣ ለባሏ እጇን አወዛወዘች፤ ነርሶቹ ሳቁ። ከዚያ ሳጥኑ አቀበቱን ወጣ፣ የገደሉን አፋፍ ተሻገረ፣ ገበያችን ታየ። ማክሰኞ ባዶ መሆን የነበረበት መንገድ ሰው ቆሞበታል፤ እያንዳንዱ በነጭ ቀለም በተሰመረለት ቦታ ውስጥ።

"ዛሬ ምንድን ነው?" አለች ኢላሪያ።



ኢላሪያ የራሷን ቦታ ለመፈለግ ጊዜ አልወሰደባትም። የኔን ድስቶች አየች፤ ከድስቶቹ ቀጥሎ አረንጓዴና ብርቱካንማ ማዘያ ያገለደመች ሴት። ሽመናዋን ማን ይስታል?

"አበልጄ፣ ልኬቱ ሐሙስ ነው አላልሽኝም?"

"ተራራው ዛሬ እንዴት ጠርቷል" አለች ባሲሊያ በመስኮት እያየች። ዐይኗን በጨው አጥባ።

ኢላሪያ መስታወቱን በጡጫ ደበደበች። ከላይ የሚጮኽ ሰው ታች አይሰማም፤ እኛም ቀና አላልንም። ሳጥኑ አይቆምም፣ አይፈጥንም። አንዷ ነርስ "እናቴ፣ አመመዎት?" ብትላት፣ "አላመመኝም ልጄ፣ ቦታዬ ላይ ሰው ቆሟል" አለች።

ያን ጊዜ ባሲሊያ አፏን ከፈተች። "አንቺ ልጅ የለሽም። ስትሞቺ ለማን ሊሆን ነበር? ለኖኤሚ አይደል? ትንሽ አስቀደምኩት እንጂ ምን አደረግኩ?"

"እስክሞት መጠበቅ አቃተሽ?"

"አንቺ እኮ አትሞቺም!" አለች ባሲሊያ፤ አለቀሰችም። ጣቢያው እስኪደርሱ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው፣ ሳይተያዩ ተቀመጡ።

እኔ ታች ምን እሠራ ነበር? ልናገር። ሰኞ ዕለት ባሲሊያ ወደ እኔ መጥታ፣ "አበልጄ ደክማለች፤ ቦታውን ለኖኤሚ ሰጥታለች። አፍራ ነው ራሷ የማትነግርሽ፤ አታንሺባት፣ ሆድ ይብሳታል" አለችኝ። አለፍ ብላም፣ "የኖኤሚ ዕቃ ትንሽ ነው፤ አንድ ክንድ ላንቺ ቢለቀቅ ቅር አይላትም" አለች። የኢላሪያ ስልክ አሮጌ ቢሆንም ይደወልበታል። አልደወልኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ሆዴ ያውቅ ነበር። ዶን ፕላሲዶ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ዞር ብሎ ሲያየኝ፣ "አዎ፣ ሰጥታታለች" አልኩ። እሱም መስመሩን አንድ ክንድ ወደ ኖኤሚ ቦታ ገፋው።

ኢላሪያ ከጣቢያው እየሮጠች መጣች፣ ባርኔጣዋን በእጇ ይዛ። ኖኤሚ ስታያት ፊቷ በራ። እዚያው አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ እጇን ሳመች።

"ክርስትና እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ ነው ያደርኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚሰጠኝ ሰው አለኝ ብዬ አላሰብኩም ነበር።"

ልጅቷ አታውቅም። ኢላሪያ ከልጅቷ ራስ በላይ እኔን አየችኝ።

"ኦርቴንሲያ፣ ሰጠኋት ስል ሰምተሻል? ከኔ አፍ?"

"አበልጅሽ ነግራኝ..."

"ከኔ አፍ?"

"አልሰማሁም" አልኩ።

ኖኤሚ ገባት። ማዘያዋን እያንጠለጠለች ከመስመሩ ልትወጣ አንድ እግሯን አነሳች። ዶን ፕላሲዶ ብሩሹን ይዞ ተመለሰ።

"ልንገርሽ ልጄ፤ ስምሽ አስፋልቱ ላይ ተጽፏል። ከወጣሽ ቦታው ተራ ለሚጠብቁት ነው። አርባ ሰው አለ። ለዶኛ ኢላሪያ አይመለስም፤ ስሟ ሦስቴ ተጠርቶ አልተገኘችም።"

ኢላሪያ መስመሩን አየች። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። 

"ቁሚ" አለቻት ኖኤሚን። "ለባዳ ከሚሆን ቁሚ። ግን ሰጠችኝ እያልሽ አታውሪ። አልሰጠሁሽም።"

ባሲሊያ እያለከለከች ደረሰች። "አበልጄ..." ብላ ክንዷን ልትይዝ ሞከረች።

"ዶኛ ባሲሊያ" አለቻት ኢላሪያ፣ "ስለ ቀረፋው በረዶ አመሰግናለሁ።"

እንደ ማንም ባዳ እመቤት፣ ዶኛ ብላ በስሟ ጠራቻት። ባሲሊያ እጇን ሰበሰበች።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት እውነት ነው፤ ግን ፈረሱን ይዘው ያቆሙለት ሰዎች ስማቸው አይነሳም። ኢላሪያ አሁን ቹንዮዋን ከጣቢያው ደረጃ ሥር ትሸጣለች፤ ጥበቃዎቹ ሲያባርሯት ጆንያዋን አንሥታ ትሄዳለች፣ ሲርቁ ትመለሳለች። ኖኤሚ በየሐሙሱ ሾርባ ትወስድላታለች፤ ሾርባውን ትቀበላለች፣ አታናግራትም። ያቺ አንድ ክንድ ደግሞ እኔ ጋ ናት። ትልልቆቹን ድስቶች ደርድሬባታለሁ።

ጠዋት ሳልፍ ሰላምታ አትከለክለኝም። ቀድማ ብድግ የምትለው እሷ ናት።

"እንደምን አደሩ፣ ዶኛ ኦርቴንሲያ" ትለኛለች። ድሮ "እኅቴ" ነበር የምትለኝ።