ጆሯቸው የተቀደደ ሁለት አይጦች

አክስቴ ሃያ ሁለት ዓመት አይጥ ጠብቃለች። ሥራዋን ለሚጠይቃት ሰው የምትመልሰውም ይህንኑ ነበር፦ «አይጥ እጠብቃለሁ።» የሚስቅ ሲኖር አብራው ትስቅና፣ «ድመትም እኮ አይጥ ትጠብቃለች፤ የኔ የሚለየው ጠዋት ጠዋት መፈረሜ ነው» ትላለች።

የሠራችው በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት ነው። መስኮት የሌላቸው ሁለት ክፍሎች አሉ፤ በየክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ የብረት መደርደሪያ ቆሟል፤ መደርደሪያው ላይ የሽቦ ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሰጋቱራ፣ የውሃ ጡጦ፣ ሦስት ወይም አራት ነጭ አይጦች፤ ፊቱ ላይ ደግሞ አንድ ካርድ። መጀመሪያ የገባችው ወለል ልትወለውል ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ተመራማሪ ባልዲዋን አስቀምጣ ከአንድ ሳጥን ፊት ቆማ አገኛትና ምን እንደምታይ ጠየቃት። «እነዚህ ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልጠጡም» አለችው። ጡጦው ሲታይ እውነትም አፉ ተደፍኗል። ከዚያ በኋላ ባልዲውን ሌላ ሰው ያዘው።

በተቋሙ ውስጥ «ኮሚሽነሯ» ይሏት ነበር። እጁን ሳይታጠብ፣ ጋዋን ሳይለብስ የሚገባ አልነበረም። አንድ ቀን የጥናቱን ኃላፊ ዶክተሩን ራሳቸውን ከበር ስትመልሳቸው ሰምቻለሁ።

«ዶክተር፣ ዛሬ አይገቡም።»

«ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ሽቶ ተቀብተዋል። ልጆቹ ሽቶ ሲሸታቸው ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጡ ይውላሉ። ከዚያ እርስዎው መጥተው ክብደት ቀነሱ ይሉኛል።»

«እትዬ፣ ባለቤቴ እኮ ናት የገዛችልኝ።»

«እንግዲያው ለእሷ ይቀቡላት። እዚህ ያሉት አላገቡዎትም።»

ዶክተሩ አንገታቸውን ታጥበው ተመለሱ።

እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናቴ የእሷ ታናሽ ነበረች፤ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ሞተች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በዚያው ተቋም የጥናት መዝገብ ያዥ ሆኜ በፈተና ስቀጠር፣ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በሩ ላይ አቆመችኝ። «እዚህ ቤት አክስት የለሽም» አለችኝ። «ቁጥር ስሰጥሽ እንደሰማሽው ጻፊ። ካልሰማሽ ድገሚልኝ በይ። ገምተሽ የጻፍሽ ቀን እኔና አንቺ አንተዋወቅም።» ከዚያች ቀን ጀምሮ ምድር ቤት ውስጥ እንደማንኛውም ሰው «እትዬ» ነበር የምላት።

አብረን የሠራነው ትልቁ ጥናት ስለ አንድ ፕሮቲን ነበር። ከአይጥም ከሰውም ሕዋስ ውስጥ የማይጠፋ፣ ተራ የሚባል ፕሮቲን ነው። ጡንቻን የሚያመነምኑና አካሄድን የሚነሡ አንዳንድ የነርቭ ሕመሞች ባሉባቸው ሰዎች ውስጥ ግን ቅርጹ ተበላሽቶ ነርቭ ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ዶክተሩ ይህን ሲያስረዷት አጠገባቸው ነበርኩ።

«ችግሩ» አሉ፣ «በሽታውን ያመጣው እሱ ይሁን፣ ወይስ በሽታው ሲመጣ እዚያው የተገኘ ብቻ ይሁን አለማወቃችን ነው።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን ነዋ» አለች።

ዶክተሩ ሳቁ። ያንን ተረት በኋላ በየስብሰባው ሲናገሩት ሰምቻለሁ፤ ከማን እንደሰሙት ግን አይናገሩም።

«ደህና ሲሆንስ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ሳይበላሽ ሥራው ምንድን ነው?»

«እሱን በቅጡ አናውቅም።»

«የሰው ቤት ሙሉ ተቀምጦ ሥራው የማይታወቅ። እንደ ሟቹ ባሌ ወንድም በሉኛ።»

አይጦቹ ሦስት ዓይነት ነበሩ፦ ፕሮቲኑ እንደ ወትሮው ያላቸው፣ ግማሹ ብቻ ያላቸው፣ ጨርሶ የሌላቸው። ሁሉም በሽታው እንዲነሣባቸው ተደርገው የተወለዱ ናቸው። የትኛው አይጥ የትኛው ወገን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር በዶክተሩ መሳቢያ ተቆልፎበታል፤ እኛ እንድናውቅ አይፈቀድም። የሚያውቅ ሰው ሳይፈልግ ያዳላል።

ማክሰኞ የመመዘኛ ቀን ነበር። አክስቴ አይጡን ትመዝናለች፣ ከዚያ የሽቦ ክዳን ላይ ታስቀምጠውና ክዳኑን ስፖንጅ ከተነጠፈበት ገንዳ በላይ ቀስ አድርጋ ትገለብጠዋለች። አይጡ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ጤነኛው ስልሳ ሰከንድ ሙሉ ይቆያል፤ በሽታው የጀመረው ቀድሞ ይወድቃል። «ወደቀ» ስትል ሰዓቱን አቆማለሁ። የየአይጡ ቁጥር የሚታወቀው በጆሮው ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ነው፤ እሷ ሳታጎነብስ ታነበዋለች። ሌላም ምልክት አሳየችኝ፦ «ጤነኛውን በጅራቱ ስታነሺው የኋላ እግሩን ይዘረጋል። የታመመው ግን ወደ ሆዱ ይሰበስበዋል። ከሽቦው ሳይወድቅ በፊት ይኼን ታያለሽ።»

በጥናቱ ሠላሳኛ ሳምንት ገደማ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ወጥ ቤት ሽንኩርት ስትልጥ የግራ አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ታጥፎ አየሁ። በቀኝ እጇ ዘረጋችው፤ ተመልሶ ታጠፈ። ቢላውን አስቀምጣ ጓዳ ገባች። በማግስቱ ጋዋኗን የምትቆልፈው በአንድ እጅ እንደሆነ ልብ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ፦ ደረጃው ላይ ስንት ጊዜ እንደምታርፍ፣ ቁልፉን በር ላይ ለማስገባት ስንት ጊዜ እንደምትሞክር። አልጠየቅኋትም። እሷም አልነገረችኝም። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን፣ ሁለታችንም እያወቅን፣ ሆድ ይፍጀው ብለን ስምንት ሳምንት አለፈ።

በሠላሳ ስምንተኛው ሳምንት ማክሰኞ የተለመደውን ሥራ ጀመርን። ሳጥን መቶ አሥራ አራት፣ ቁጥር ሦስት ያለፈው ሳምንት ሠላሳ አንድ ግራም ነበር።

«ሃያ ስድስት» አለች።

«ድገሚልኝ።»

«ሃያ ስድስት ብያለሁ።»

ጻፍኩ። ስድስት ሳጥን አልፈን መቶ ሃያ ላይ ስንደርስ፣ ቁጥር ሁለት፣ ያለፈው ሳምንት ሃያ ስድስት የነበረው፣ ሠላሳ አንድ ሆኖ ተገኘ። እርሳሴን አስቀመጥኩ። ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ ወንድ አይጥ ከጓደኛው ጋር ይጣላል፣ እነዚህም ተነካክሰው ጆሯቸው ተቀዷል፤ ቀዳዳው አይነበብም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።

«አይጥ በአንድ ሳምንት አምስት ግራም አይጨምርም።»

ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበት። በሥራ ሰዓት ተቀምጣ አይቻት አላውቅም።

«ወደቀብኝ» አለች።

«ምኑ?»

«ሳጥኑ። ሐሙስ ዕለት ሰጋቱራ ስቀይር። ከላይ ሳወርደው እጄ ከዳኝ፣ የታችኛውንም ይዞት ወረደ። ሰባቱም ወለል ላይ ፈሰሱ። አምስቱን በጆሯቸው መለስኳቸው። ሁለቱን…» ወደ መደርደሪያው አየች። «ሁለቱን በመልካቸው አውቃቸዋለሁ ብዬ መለስኳቸው። አውቃቸዋለሁ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?»

«ለምን ወደቀ ብለሽ ትጠይቂኛለሻ።»

ቀጥሎ የተናገርኩትን ሳልሸፍን እጽፈዋለሁ።

«እናለዋውጣቸው» አልኳት። «ክብደታቸው ይናገራል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ማንም አያውቅም።»

«እርግጠኛ ነሽ? ወይስ ገምተሽ ነው?»

መዝገቡ ላይ ያለውን ክብደት ደግሜ አየሁ።

«ገምተሽ ነው» አለች። «እኔም ገምቼ ነው እዚህ ያደረስኩት። በላዩ ሌላ ግምት አትጨምሪበት። ጻፊው።»

«ብጽፈው ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?»

የግራ እጇን ጓንት በጥርሷ ስባ አወለቀችና እጇን ዘረጋችልኝ። አውራ ጣቷ መዳፏ ውስጥ ተኝቷል። «ስንት መቶ አይጥ በእጄ አልፏል» አለች። «ይኼን ሳላውቀው የምቀር መስሎሻል? ካንቺ በፊት ነው ያወቅሁት። ጻፊው አልኩሽ፤ ምክንያቱንም ልንገርሽ። ምክንያት፣ የጠባቂዋ እጅ መዛል።»

እንዳለችው ጻፍኩ። ቀኑን፣ የሳጥኖቹን ቁጥር፣ የሆነውን፣ ምክንያቱን። አራት መስመር ሆነ። እሷ ግን ተነሥታ የቀሩትን ሳጥኖች መመዘን ቀጠለች፤ እኔም የቀረውን መዘገብኩ።

ዶክተሩ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሁለቱ አይጦች ከጥናቱ ወጡ። እሷም ሐኪም ቤት ተላከች፣ የሐኪሙም ቃል እኛ ከምናውቀው የተለየ አልነበረም። እጁ የማይጸና ሰው ሳጥን መያዝ አይችልም፤ ደንብ ነው፣ ደንቡን ከጻፉት አንዷም እሷ ነበረች። ጥናቱ ሊያልቅ አሥራ አራት ማክሰኞ ቀርቶት ነበር።

«ዳር ላይ ልቁም» ብላ ለመነቻቸው። ስትለምን የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አልነካቸውም። ጆሮ ብቻ ላንብብ።»

«እትዬ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው» አሉ ዶክተሩ።

«ለእኔ ብለው አይደለም» አለች። «ግን ልክ ነዎት።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

በቦታዋ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ከሌላ ተቋም የመጣ ሰው ተተካ። እንከን አላገኘሁበትም። ነገር ግን እሱ በመዘነበት የመጀመሪያ ማክሰኞ አይጦቹ ሁሉ፣ ደህናዎቹም ጭምር፣ ካለፈው ሳምንት ቀድመው ወደቁ። አማካዩ ከአርባ ሦስት ሰከንድ ወደ ሠላሳ አምስት ወረደ። «አዲስ እጅ ነው፣ ይለምዳሉ» አሉ ዶክተሩ። ለመዱም፤ ግን ወደ አርባ ሦስት አልተመለሱም። የጥናቱ ሪፖርት ውስጥ በሠንጠረዡ ግርጌ በትናንሽ ፊደል፣ «ከሠላሳ ዘጠነኛው ሳምንት ጀምሮ የእንስሳት ጠባቂ ተቀይሯል» የሚል መስመር አለ። እሷን የሚመለከተው ይኸው ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ያ መስመር ስላነሰኝ ነው።

ቤት ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «እንዴት ናቸው?» ትለኛለች። የየሳጥኑን ቁጥር እነግራታለሁ። መጀመሪያ ጽዋ መያዝ አቃታት፣ ቀጥሎ ደረጃ መውጣት፣ ቀጥሎ ምላሷ ይተሳሰር ጀመር። ጎረቤቶች ከአይጥ ተጋብቶባት እንደሆነ በሹክሹክታ ይጠይቁኛል። አይጋባም። ለእያንዳንዳቸው ይህንኑ መለስኩ፤ ግማሾቹ ግን ወንበራቸውን አራቅ አድርገው ይቀመጡ ነበር።

እሷ ሥራ ካቆመች በሰባተኛው ወር ዶክተሩ መሳቢያውን ከፍተው ዝርዝሩን ሰጡኝ። ፕሮቲኑ ከሌላቸው አይጦች አንድም አልታመመም። ግማሹ ያላቸው ዘግይተው ታመሙ። ሙሉው ያላቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ታመሙ። ቢሮው ውስጥ ሰው ሁሉ ይጨባበጣል። እኔ ጣቴን በዝርዝሩ ላይ አስኬድኩ፦ መቶ አሥራ አራት፣ ቁጥር ሦስት፤ መቶ ሃያ፣ ቁጥር ሁለት። ሁለቱም ሙሉው ካላቸው ወገን ናቸው። አንደኛው ቀድሞ ታመመ፣ ሌላኛውንም በሽታው ጀምሮት ነበር። ተለዋውጠው ቢቀሩ ውጤቱ ላይ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ያን ቀን ባልጽፍ፣ እነዚያን አሥራ አራት ማክሰኞዎች፣ ወይም እጇ እስከፈቀደላት ድረስ፣ ከአይጦቿ ጋር ትቆይ ነበር።

ሦስት ቀን ሳልነግራት ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ትራሷን ሳስተካክል ራሷ ጠየቀችኝ።

«ዝርዝሩ… አልተከፈተም?»

«ተከፍቷል።»

«የኔዎቹስ? ጆሯቸው የተቀደደው።»

ነገርኳት። አንድ ወገን እንደነበሩ፣ መለዋወጣቸው ምንም እንደማያመጣ፣ ባልጽፈው ኖሮ ምንም እንደማይጎድል ነገርኳት። ይቅር በይኝ ለማለት አፌን ስከፍት ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ እያሰበች ነበር፤ የሰማችኝም አልመሰለኝም።

«ሁለቱም… ታመው ነበር በያ» አለች።

«ሁለቱም።»

ቃል ማውጣት ያን ጊዜ ትልቅ ሥራ ሆኖባት ስለነበር ጠበቅኋት።

«ወለሉ ላይ… በጅራታቸው ነው ያነሣኋቸው» አለች። «ባውቅ ኖሮ… በእፍኜ አነሣቸው ነበር።»