የሚስቱ ክብደት

ብስክሌት ጠጋኙን ሰፈርተኛው «ሚዛን» ይለዋል። ደንበኛውን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ገረፍ ያደርግና ኪሎውን እቅጩን ይነግረዋል። ከዚያ የብስክሌቱ የፊት ሹካ ላይ ያለውን፣ የመንገዱን ንዝረት የሚውጠውን አሞርዛተር በዚያው ልክ ይነፋል፤ ለከባድ ሰው አየር በዛ፣ ለቀላል ሰው ሳሳ እያደረገ። ከልክ በላይ ከተነፋ አሞርዛተር ተብዬው ከድፍን ብረት አይለይም። ኪሎን ጠይቆ መንፋት ግን ለሚዛን ውርደት ነው።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ጧት ጧት ኮረብታው ላይ ወዳለው ጤና ጣቢያ በብስክሌት ትወጣለች፣ ማታ ያንኑ ድንጋያማ ቁልቁለት ትወርዳለች። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንዲሉ፣ የእሷ ብስክሌት የፊት ሹካ ድርቅ ያለ ብረት ነበር። አሞርዛተር ልግጠምልሽ ባላት ቁጥር «ተወኝ እባክህ! መንገዱን በእጄ ነው የማውቀው» ትለዋለች።

አንድ ቀን ማታ ግን ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«ጣቶቼ ደነዘዙ» አለችው። «ዛሬ የአንዲት እርጉዝ ሆድ ዳስሼ የሕፃኑ ጭንቅላት የት እንዳለ ጠፋኝ። ሌላ ሰው ጠራሁ። ሐኪሙ፣ የብስክሌቱ መሪ እጅሽን እየነዘረው ነው፣ በዚሁ ከቀጠልሽ ይብስብሻል አለኝ። እጄ ካልሰማልኝ እኔ ምን ልሠራ ነው?»

ሚዛን በማግስቱ ከሱቁ ያለውን ምርጥ አሞርዛተር ገጠመላት፤ የሚስቱን ኪሎ ደግሞ ማን ይነግረዋል፣ በልቡ ያውቀው የለ? ነፋው።

ሳምንት ነዳችው። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ብስክሌቷን የሱቁ ግድግዳ ላይ አስደግፋ እጆቿን እያሻሸች ገባች።

«ያው ብረት ነው» አለች። «ካርድ ክፍል አዛውሩኝ ልላቸው ነው።»

«እስቲ ውጪበት» አላት ቱግ ብሎ። በሥራው መጡበታ!

መቀመጫውን ያዘላትና ወጣች። ጎንበስ ብሎ አየ። በደንብ ዝቅ ማለት የነበረበት ሹካ የጥፍር ያህል እንኳ አልወረደም። ተጫኚው አላት፤ ተጫነችው፤ አሁንም ወይ ፍንክች። አየሩን ለካ፤ ልክ እሱ ያሰበው ነው። ግራ ገብቶት ሊያወርዳት ወገቧን ሲይዝ እጁ ከጎድን አጥንቷ ላይ አረፈ። ክው አለ።

«አንቺ! መቼ ነው እንዲህ ያለቅሽው?»

«ልጃችን አግብታ ከሄደች ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ» አለችው ቀስ ብላ። «አንተ ሱቅ በልቻለሁ ትላለህ፣ እኔ ሥራ ቦታ በልቻለሁ እላለሁ። ለማን ብዬ ላቅርብ?»

አፈረ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲመዝን የከረመ ሰው፣ የገዛ ሚስቱን የመዘነው የሠርጋቸው ጊዜ ባያት ዓይን ነው። መልሶ አስቀመጣትና አየሩን ጥቂት ጥቂት እያስተነፈሰ፣ እያየ፣ ደግሞ እያስተነፈሰ፣ ሹካው ከሥሯ ልስልስ ብሎ እስኪወርድ ድረስ ሲታገል ቆየ። ከዚያ ሱቁን ዘጋ። ቤት ገብቶ ሾርባ ሠራ።

«ጨው አብዝተሃል» አለችው፤ ሳህኗን ግን ጥርግ አድርጋ በላች።

ከዚያ ወዲህ እራት በጋራ ሆነ። ስለ ልጅቷ ያወራሉ፣ ይነታረካሉ፣ አንዳንዴም ሁለቱም ሆድ ይብሳቸዋል። ጣቶቿም ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩ፤ አንድ ማታ ከበር ጀምራ «ዛሬ እግሩን አገኘሁት! የእናቱ ሆድ ውስጥ ሆኖ መዳፌን ረገጠኝ!» እያለች ገባች።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ደግሞ ፊቷን ቅጭም አድርጋ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«ያንተ ነገር ተበላሸ። ድንጋይ በነካ ቁጥር እስከ ታች ወርዶ ጓ ይላል።»

እንድትወጣበት አደረገና ጎንበስ ብሎ አየ። ሹካው ከሥሯ እስከ ታች ወረደ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እጁ ግራሶ በግራሶ ስለነበረ አልጠረገውም።

«አልተበላሸም የኔ እመቤት» አላት መንፊያውን እያነሳ። «አየር ልጨምርልሽ ነው።»