በማስታወቂያ ሰዓት ያረምኩት ምስክርነት

ይህ የሆነው ከአራት ወር በፊት፣ ለመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ከቦዲቲ ወደ ሶዶ በመጣሁበት ሴሚስተር ነው። የማልረሳው እኔ በተናገርኩት ነገር ምክንያት የማላውቃት ሴት ሁለት ጊዜ ስለ ወደቀች ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ደረጃ መውጣት ይከብደኝ ጀመር። ኦቶና ሆስፒታል ተመረመርኩ። ሐኪሙ ጡንቻዎቼ ቀስ በቀስ እየደከሙ እንደሚሄዱና ይህንን የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን እንደሌለ በትዕግሥት አስረዳን። እናቴ አለቀሰች። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እያየሁ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስጸልይም እንደዚያው ነኝ። ቃላቱን እናገራለሁ፣ አሜን እላለሁ፣ እነሣለሁ።

ሶዶ ስመጣ በምርኩዝ ነበር የምሄደው። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ሦስቱም አማኞች ናቸው። አንድ ሳምንት ስለ እኔ ሦስት ቀን ጾሙ። እሑድ አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የጸሎቱ መሪ ማይክሮፎን ይዞ መቀመጫዬ ድረስ መጣና፣ “እህታችን፣ ዛሬ እንዴት ነሽ?” አለኝ።

ጓደኞቼ ያዩኛል። ለእኔ ብለው ሦስት ቀን ምሳ ያልበሉ ልጆች ናቸው። ላሳፍራቸው አልፈለግኩም።

“ቀሎኛል” አልኩ።

“ያለ ምርኩዝ ትሄጃለሽ?”

ተነሥቼ እስከ መድረኩ ሄድኩ። ያን ያህል እርምጃ ድሮም እችል ነበር፤ እሱን ግን የጠየቀኝ የለም። እልልታው ቀለጠ። እኔም በማይክሮፎኑ “ጌታ ፈውሶኛል” አልኩ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ምርኩዜን አጥሩ በር ላይ ለጥበቃው ሰጥቼ እገባ ጀመር። እሳቸውም ምንም ሳይጠይቁኝ ከመጥረጊያው አጠገብ ያቆሙልኛል። ጓደኞቼ ስለ ምርኩዙ ሲጠይቁኝ “እግሬ እስኪጠና ነው” እላቸዋለሁ፤ ስንወጣም “እናንተ ቅደሙ” እላለሁ። ደረጃው ሰባት ነው። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ብቻዬን እወርዳለሁ።

በአራተኛው እሑድ ግን አንዲት ሴት በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሲጠብቁኝ አገኘሁ። ወይዘሮ ታደለች ይባላሉ። ከሶዶ ወጣ ብላ ባለችው ተበላ ከተማ፣ ገበያ ላይ ቅቤ ይሸጣሉ።

“ያቺ የዳነችው ልጅ አንቺ ነሽ?” አሉኝ።

የደረጃውን ብረት ያዝኩ።

“እኔም እንደ አንቺ ነኝ። ጭኔ ከድቶኛል። ያን ቀን እዚህ ነበርኩ። አንቺን ካየሁ በኋላ ምርኩዜን ተውኩት።”

“የት ተዉት?”

“ጎረቤቴ ፍሬ ከብዶት ያዘመመ ሙዝ ነበረው፤ ይደግፍበት ብዬ ሰጠሁት። አሁን ሙዙ ቆሟል፣ የምወድቀው እኔ ነኝ።” ሳቅ አሉ። ክርናቸው ላይ አዲስ ቁስል ነበር። “ትናንት ገበያ፣ ዛሬ ደግሞ ከሚኒባስ ስወርድ። እምነቴ አንሶ ይሆን ልጄ? አንቺ እንዴት እንዳደረግሽ ንገሪኝ።”

“ይጸልዩ፣ እኔም እጸልይልዎታለሁ” ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቁስሉን ደጋግሜ አየሁት።

“እኔ አልዳንኩም” አልኩ። “ምርኩዜ በሩ ላይ ነው።”

ወደ በሩ ተመለከቱ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

“ታዲያ ይህን ደረጃ እንዴት ትወርጃለሽ?” አሉኝ።

“ወደ ኋላዬ። ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ፊቴን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሬ። እንደዚያ ከሆነ ጉልበቴ አይከዳኝም።”

“አሳዪኝ።”

እኔ ከታች ሆንኩ፣ እሳቸው ከላይ ተከተሉኝ። መዘምራኑ ልምምድ ጨርሰው ሲወጡ አዩን። እኔ ፊቴ ቀላ። ወይዘሮ ታደለች ግን ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆም ብለው፣ “አያቴ ሲያወሩ ከንጉሡ ፊት እንዲህ ነበር የሚወጣው። ለንጉሥ ጀርባ አይሰጥም” አሉኝ። ከዚያ መውረዳቸውን ቀጠሉ።

ታች ስንደርስ ጥበቃው አግዳሚ ወንበራቸውን ለቀቁልን። መንበርከክ ሁለታችንም አንችልም፤ ተቀምጠን ጸለይን። እሳቸው በወላይትኛ “ጦሳው” ብለው እግዚአብሔርን ጠሩት፤ ዛሬ ሳልወድቅ ተበላ አድርሰኝ አሉት። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔ ከአምስት ዓመት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ስለሚሆነው ነበር ሁልጊዜ የምጸልየው።

ምርኩዜን ሰጠኋቸው።

“አንቺስ?”

“እኔ ቅርብ ነኝ፤ ባጃጅ እይዛለሁ።”

ስልክ ቁጥሬን ወሰዱና ሄዱ። ቆይተው ደወሉ። “ደርሻለሁ” ብለው ዘጉት።

በእኔ ቃል ምርኩዙን የተወ ሌላ ሰው ቢኖርስ? ሳምንቱን ሙሉ ይህንን አስብ ነበር። ሐሙስ ወደ ጋሽ ማቴዎስ ሄድኩ። የእሑዱን ፕሮግራም የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

“በምን ላስገባሽ?” አሉኝ በመጨረሻ። “ምስክርነት ለመስጠት ሰዓት አለን። ምስክርነት ለማረም ግን የለንም።”

“የትም ይሁን።”

“ማስታወቂያ ላይ ይሁን እንግዲህ” አሉ።

እሑድ ስለ ጣሪያው እድሳትና ስለ አንድ ሠርግ ከተነገረ በኋላ ስሜ ተጠራ። አዲስ ምርኩዝ ይዤ ወጣሁ። የጻፍኩትን ወረቀት አነበብኩ፦ “አልዳንኩም። ያን ጊዜ እውነቱን ያልተናገርኩት እኔ ነኝ። በእኔ ምክንያት ምርኩዙን ወይም የሐኪም ቀጠሮውን የተወ ሰው ካለ እባካችሁ ይመለስ።” እልልታ አልነበረም። ጋሽ ማቴዎስ ብቻቸውን “አሜን” አሉ። ከዚያ የሚቀጥለው ማስታወቂያ ተነበበ።

ከጓደኞቼ ሁለቱ ለጥቂት ቀናት አኮረፉኝ። ሦስተኛዋ ወደ መኝታ ክፍላችን እየተመለስን፣ “ቀደም ብለሽ ብትነግሪን ምሳችንን እንበላ ነበር” አለችኝ። ሳቅኩ። ከሳቅኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

አሁን እግሬ ከዚያን ጊዜ ይልቅ ደክሟል። ወይዘሮ ታደለች በገበያ ቀን ማታ ማታ ይደውሉልኛል። “ደርሻለሁ” ይሉኛል፤ እኔም “ደርሻለሁ” እላቸዋለሁ። ጸሎቴ ለዛሬ ብቻ ሆኗል። ስጸልይ ደስታ ወይም ሙቀት ይሰማኛል ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። አይሰማኝም።

እሑድ ግን ሰው እስኪወጣ አልጠብቅም። ብረቱን ይዤ፣ በሰዎች መካከል፣ ሰባቱን ደረጃ ወደ ኋላዬ እወርዳለሁ። ምንም ባይሰማኝም ፊቴ ወደ እርሱ ነው።