የነቀለ ዓይኑ ይጥፋ

ሰው ቂመኛ ነሽ ይለኛል። አዎ፣ ነኝ! የሰው ንብረት አልነካሁ፣ የሰው ትዳር አላፈረስኩ፤ ቂሜንም የማኖረው በገዛ ሆዴ ነው። የመኪናዬን መብራት ነቅሎ፣ ያንኑ መብራት መልሶ ለእኔው የሸጠልኝን ሰው "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ልሸኘው ኖሯል? ወግድ!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምበላው ከአንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ነው። በየማለዳው አራት ሴቶች ጭኜ ቂሊንጦ ፋብሪካ አደርሳለሁ፣ ማታ መልሼ አመጣቸዋለሁ። የማለዳ ፈረቃ ስለሆኑ ጎህ ሳይቀድ ነው የምንነሳው። በር ላይ የዘገየ ሰው ይመለሳል፣ የቀኑም ደሞዝ ይቀርበታል። የኮዬን መንገድ በዚያ ሰዓት የነዳበት ያውቀዋል። አንዱ ጋ የአሸዋ ክምር፣ አንዱ ጋ ክፍቱን የተተወ ጉድጓድ፣ መሀል ላይ ደግሞ ንቅንቅ የማይል አህያ። ያለ መብራት እዚያ መንገድ ላይ መውጣት ሰው መግደል ነው። እና ይቺ መኪና መብራት ከሌላት ሥራ የለኝም፣ ሥራ ከሌለኝ ደግሞ የቤት ኪራዩም እንጀራውም የለም።

አንድ ቀን ማለዳ ደረጃው ሥር የሚጠብቁኝ ሴቶች ጋ ስወርድ መኪናዬ ዓይኗ ወልቆ ቆማለች። ሁለት ጥቁር ጉድጓድ፣ ከውስጡ ሽቦ ተንጠልጥሎ። ወይ ነዶ! እዚያው የደረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የብሎካችን ጥበቃ እየማለ እየተገዘተ "ኮሽታ አልሰማሁም" ይላል። አልሰማህም፣ እንቅልፍ መቼ ያሰማል!

ከአራቱ በዕድሜ ትልቋ እንደ ልጄ የማያት ሴት ናት። እጄን ይዛ አነሳችኝና "እትዬ፣ የዛሬውን እንችለዋለን፣ ሰው ነን። ሁለተኛ ከሆነ ግን እኛም እንባረራለን። ሌላ ባለመኪና ጠይቆናል፣ አልደብቅዎትም" አለችኝ። አልተቀየምኳትም። እውነቷን ነው።

እዚህ አገር መብራቱ የተሰረቀበት ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ፖሊስ ጋ አይደለም። አሮጌ ዕቃ ተራ ሄዶ የራሱን መብራት ፈልጎ ይገዛል። አዲሱ አይቀመስማ! እኔ ግን ከዚያ በፊት ወደ ልማደኛዬ ሄድኩ። ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ የመኪና ኤሌትሪሺያን ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ባትሪ ሲደክም፣ ፍሬቻ ሲቃጠል የምንጠራው እሱን ነበር። ቤታችን መጥቶ በልቷል። የባለቤቴ ሬሳ ሲወጣ ቆሞ አልቅሷል።

"ውይ ማዘር! ምን ጉድ ነው!" አለ ሲያየኝ። ደረቱን ይዞ! "ይቀመጡ፣ ሻይ ይጠጡ። የማውቀው ነጋዴ አለ፣ አሁን አመጣልዎታለሁ።" ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ መብራቶቹን በጆንያ ይዞ ከች አለ።

አየኋቸው። በግራው መብራት ጥግ ላይ ድንጋይ ፈንጥሮ የሰነጠቃት ፀጉር የምታህል መስመር ነበረች። ውኃ እንዳይገባባት ብዬ በገዛ እጄ በጥፍር ቀለም ደፍኛታለሁ፣ በቀይ። ቀዩ እዚያው አለ። የራሴ መብራት!

ደሜ ከእግር ጥፍሬ ተነስቶ አናቴ ላይ ወጣ። አፌን ልከፍት ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት። ምን ልል? ከነጋዴ ገዛሁት ቢለኝስ? ፖሊስ ጋ ብሄድ ማስረጃሽ ምንድን ነው ሲሉኝ የጥፍር ቀለም ልል ነው? ከፍዬ የገዛ ዕቃዬን ገዛሁ። ሲገጥም ቆሜ እያየሁት ነበር። ጨርሶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ማዘር፣ ከዚህ ወዲያ የታርጋ ቁጥርዎን ያስቀርጹበት፣ ሌባ ይፈራል" ሲል መከረኝ። ምክር ጨመረልኝ እኮ! ሆድ ይፍጀው ብዬ ወጣሁ፣ ግን በልቤ "ቆይ ብቻ፣ አንተን አያድርገኝ" አልኩ።

ቁጥር የሚቀርጸው ሰውዬ መናኸሪያው አካባቢ ጃንጥላ ዘርግቶ ነው የሚሠራው፤ የስልጤ ሰው ነው። በትንሽ ማሽን መስታወት ላይ፣ ስፖኪዮ ላይ፣ መብራት ላይ የታርጋ ቁጥር ይጽፋል። "ቁጥሩን ንገሪኝ እህቴ" አለኝ።

"ቁጥር አልፈልግም። ቁጥርማ በአሸዋ ወረቀት ፈቅፍቀው ያጠፉታል። ሌላ ነገር ጻፍልኝ" አልኩት።

"ምን?"

"እርግማን።"

ማሽኑን አጠፋ። "አስተግፊሩላህ! እህቴ፣ እኔ ልጆች የማሳድግበት እጅ ነው ይሄ።"

"እርግማኑ የኔ ነው፤ አንተ ማሽኑን ነው የያዝከው" አልኩት። እንዴት አድርገው እንደሸጡልኝ ነገርኩት። የጥፍር ቀለሟን አሳየሁት። ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ለካ የሱንም ወንድም መኪና ገፈዋታል። ጥቂት አሰበና "እሺ፣ እጽፋለሁ። እኔ ግን ከእርግማኑ ልውጣ። እኔን አውጪኝና ነው የምጽፈው" አለ። ተስማማን። ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ፣ ሰው እንዳያየው ከመብራቱ ጀርባ፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ አስገብቶ ጻፈው። ራሱ ፈትቶ ራሱ መልሶ ገጠመው።

"ይህን የነቀለ፣ የሸጠ፣ የገዛ ዓይኑ ይጥፋ። ከመኪናዋ ባለቤትና ከቀራጩ በቀር።"

በሁለቱም መብራት ላይ። ጽፎ ሲጨርስ እጁን ታጠበ። እኔ አልታጠብኩም።

ለትልቋ ተሳፋሪዬ ብቻ ነገርኳት። ደነገጠች። "እትዬ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል እኮ! ቤተ ክርስቲያን እየሳሙ እንዲህ ያደርጋሉ?" አለችኝ።

"እኔ ጸሎት ላይ አይደለሁም። የሚስለው ደግሞ ሌባው ነው፣ ሲስል እንሰማዋለን" አልኳት።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ስሙ። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል፤ እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ ግን እሱ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ሳይረጋገጥ ሰው ማጥፋት የኔ ጠባይ አይደለም። ስለዚህ ባትሪ አስፈትሻለሁ ብዬ ጋራዡ ሄድኩና በጨዋታ መሀል ጣል አደረግኩለት። "ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዲት ደንበኛዬን ማረሚያ ቤት አደርሳታለሁ። ስንቅ አቀብላ እስክትወጣ ሻይ ቤት ነው የምቆየው። መኪናዋ ከኋላ በኩል አጥሩ ሥር ትቆማለች፣ እዚያ ጥላ አለ።" ይህን የነገርኩት ለሱ ብቻ ነው። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም።

ቅዳሜ ሄድን። ደንበኛዬ ገባች። እኔ ሻይ ቤት ጀርባዬን ለመኪናዬ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። አልዞርኩም። ስንወጣ መኪናዬ ሁለቱም ዓይኗ የለም።

"እሰይ!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ደንበኛዬ አበደች ብላ አየችኝ። ከዚያ ግን ሰኞ ትዝ አለኝ። ሰኞ ማለዳ አራቱ ሴቶች ደረጃው ሥር ቆመው ይጠብቁኛል። መብራት ከሌለኝ ያ ሌላው ባለመኪና ይወስዳቸዋል፣ ከወሰዳቸው አይመለሱም። ለወጥመዱ ያስቀመጥኩት የገዛ እንጀራዬን ነው። የአባቴ አምላክ፣ እንዳታሳፍረኝ አልኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። እሑድ ግማሽ ቀን ይሠራሉ። ኤሌትሪሺያኑ ጥግ ላይ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ሁለት ዓይኑ ላይ ስስ አድርገው የቆረጡት ድንች ተለጥፎበታል። እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

"ዓይንህን ምን ሆንክ ልጄ?" አልኩት።

ድንቹን አንስቶ አየኝ። አየኝ ማለት ይከብዳል፤ ዓይኑ አብጦ ቀልቶ በርበሬ መስሏል። "ብየዳ ነው ማዘር። ብልጭታው መታኝ" አለ። በያጁ ደግሞ ከዚያ ማዶ ሆኖ ይስቃል። "ስንት ዘመን ጋራዥ የኖረ ሰው! መነጽር ሳያደርግ አጠገቤ መጥቶ አንድ ነገር በሞላ፣ በመሞረጃው ማሽን፣ ልሞርድ ብሎ አጎነበሰ፤ መታው" አለኝ።

ልቤ ዘለለች። ፊቴ ላይ ግን ምንም የለም። ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ፣ ሻይ አዘዝኩ። "መብራቴን ደግሞ ወሰዱብኝ" አልኩት።

"ውይ..." አለ። እንደ በፊቱ ደረቱን አልያዘም። "ዛሬ እሑድ ነው፣ የሚገኝ አይመስለኝም።"

"ግድ የለም፣ አልቸኩልም። አንተ ታገኝልኛለህ፣ ያንተ እጅ ይቀናዋል። እኔማ የማዝነው ለወሰደው ሰው ነው።" ሻዬን አማሰልኩ። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። "ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳያነብ ወስዶት ከሆነ ምስኪን! የነቀለ ዓይኑ ይጥፋ ነው የሚለው።"

ድንቹ ከእጁ ወደቀ። በያጁ መሳቁን አቆመ። እኔም ሻዬን ጨርሼ፣ ሒሳቤን ከፍዬ፣ ደህና ዋሉ ብዬ ሄድኩ።

አመሻሹ ላይ በሬ ተንኳኳ። በጥቁር መነጽር ቆሟል፣ ያንኑ ጆንያ አቅፏል። በሩ ላይ ተንበረከከ። "እናቴ፣ ይፍቱኝ" አለ።

"ምን ነካህ? የታሰርክ ነህ እንዴ?"

ሁሉንም ዘከዘከው። ቅዳሜ ነቅሎ አሮጌ ዕቃ ወደሚገዛው ነጋዴ ወስዶት ነበር። ነጋዴው ገልብጦ አነበበና "ይሄን ከሱቄ አውጣልኝ! ልጆች አሉኝ!" ብሎ አባረረው። ለእኔ መልሶ እንዳይሸጠው፣ ጽሑፉን አይቼ የራሴ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ልሞርደው ብሎ ጋራዥ ተመለሰ። ልቡ ሁሉ ፊደሉ ላይ ስለነበር አጠገቡ የሚበየደውን ረሳው። ማታውን ዓይኑ እሳት ሆኖ አደረ። መብራቱን ገልብጬ አየሁት። "ይህን" የሚለው ቃል ተፍቋል፤ "የነቀለ" የሚለው ላይ ሲደርስ ሞላው ቆሟል።

ብየዳ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሁለት ቀን ድንች ያደረገበት ሰው ይድናል። ግን ደፍረን አንናገረውም፣ ምክንያቱም ሁለታችንም ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ አይደለንም።

"አንተ" አልኩት፣ "የባለቤቴ ሬሳ ሲወጣ አልቅሰሃል። እንጀራዬን በልተሃል። ምን አድርጌህ ነው?"

"ድህነት ነው እናቴ።"

"እኔስ? እኔ ቤተ መንግሥት ነው የምኖረው?" ልመታው ነበር፣ እግዜር ያዘኝ። "ውረድና ግጠም።"

ወርደን ገጠመው። እንባው እየወረደ፣ በዳበሳ ማለት ይቻላል። ሲበሩ የብሎካችን ግድግዳ ቦግ አለ። ተነፈስኩ፤ ሰኞ ዳነች።

ሲጨርስ አልሄደም። "ጽሑፉስ? ይፋቅልኝ እናቴ፣ በማርያም!"

"ፋቀው" አልኩት።

ደስ አለው። ካቻቢቴውን አነሳ። ብሎኑ ላይ አስጠጋ። ከዚያ ቆመ። ጽሑፉ ከጀርባ ነው። ለመፋቅ መጀመሪያ መንቀል አለበት።

"ንቀል እንጂ!" አልኩት። "አዲስ ሥራ ሆነብህ?"

ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተና ሄደ።

በኋላ ቀራጩ ጋ ሄዶ ለምኖታል። ቀራጩም "ባለቤቷ ካልመጣች አልነካም" ብሎ መለሰው። ባለቤቷ እኔ ነኝ፤ እስካሁን አልሄድኩም። ዓይኑ ድኗል፣ ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው። አምፖል ሲቃጠልብኝ ግን ቃሊቲ ውስጥ የሚነካልኝ ጋራዥ ስለጠፋ ራሴ መቀየር ተምሬያለሁ። ትልቋ ተሳፋሪዬ አንዳንዴ "እትዬ፣ አይበቃውም?" ትለኛለች። እኔ ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አስነሳለሁ።

ማታ ሴቶቹን ከቂሊንጦ መልሼ፣ ሌላ ደንበኛ አደርሳለሁ ብዬ በጋራዡ በኩል ካለፍኩ፣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። መኪናዬን ከሩቅ ያውቃታል። ያኔ ረጅሙን መብራት አበራበታለሁ። እሱም ሁለት እጁን አንስቶ ዓይኑን ይሸፍናል።